ፎቶ ላይ የመስታወት ነጸብራቅ፣ የመነጽር ብርሃን፣ ላስቲክና ጭስ እንዴት ይጠፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎቶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ሁሌ ሚጠየቀው ነገር ነው፦ ይሄ መስታወት ላይ ያረፈው ብርሃን ይጠፋልኝ? ይሄ ሃይላንድ ከጠረጴዛው ይነሳልኝ? የአባቴ ፎቶ ፍሬም ውስጥ ሆኖ ስለተነሳ አብረቀረቀ፣ ምን ላድርገው? ብርሃን አሳልፎ ሚያሳይ ነገር ከሌላው ትንሽ ለየት ያለ አሰራር ስላለው መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ፎቶሾፕ ላላችሁም፣ ጊምፕ ለምትጠቀሙም፣ ስልክ ብቻ ላላችሁም ይሆናል።

መስታወት ወይ ላስቲክ ማጥፋት ሰው ወይ መኪና ከማጥፋት በምን ይለያል?

ከጀርባችሁ ያለፈን መኪና ስታጠፉ ከመኪናው ኋላ የነበረውን ነገር ካሜራው ጭራሽ አላየውም፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ዙሪያውን እያየ ከራሱ ይሞላል፣ ሌላ አማራጭ የለውም። መስታወት ላይ ግን ከኋላ ያለው ነገር እዛው ፎቶው ውስጥ አለ እኮ! በላዩ ላይ ሌላ ብርሃን ተደረበበት እንጂ አልጠፋም። ብዙ ሰው ግን ልክ እንደ መኪናው ኢሬዘር አንስቶ ይጠርገዋል፣ እና የነበረውን እውነተኛ ነገር አጥፍቶ በግምት ይተካዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ከስር ያለውን ለማውጣት ሞክሩ፣ ሚሞላው እምቢ ያለው ቦታ ብቻ ነው።

እምቢ ማለቱን በምን አውቃለሁ ካላችሁ ደግሞ ፎቶውን ዙም አድርጋችሁ የሚያበራው ቦታ ላይ ከለር መምረጫዋን አስቀምጡና ቁጥሩን እዩ። ሶስቱም ከለሮች 255 ከሆኑ በቃ ንጹህ ነጭ ነው፣ ከስር ምንም የለም፣ ማንም አያወጣውም። 230 ወይ 240 ከሆነ ግን ገና ነገር አለበት፣ ለዓይን ነጭ ይምሰል እንጂ ኩርቭስ (ብርሃንና ጥላን በመስመር ሚያስተካክለው መሳሪያ) ስትነኩት የግድግዳው ወይ የልብሱ መስመር ብቅ ይላል።

ከአውቶብስ መስኮት አባይ በረሃን ሳነሳ የራሴ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ታየ። እንዴት ላጥፋው?

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ተራ መስታወት በሁለቱ ፊቱ ተደምሮ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 8 ፐርሰንት የሚሆነውን ይመልሳል፣ ቀን ላይ ውጭው በጣም ብሩህ ስለሆነ ሰማዩ ላይ ምንም አይታይም፣ ሸሚዙ ጎልቶ ሚወጣው የገደሉ ጥላ ያለበት ጨለምለም ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ሁሉ መንካት አያስፈልግም፣ ሚነካው ያ ጥላ ቦታ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ሸሚዙ ያረፈበትን ቦታ በላሶ (በእጅ እየከበባችሁ በምትመርጡበት) ዙሪያውን ምረጡና ፌዘር (ጠርዙን ሚያለሰልሰውን) ስጡት፣ ትልቅ ፎቶ ከሆነ 50 ፒክስልም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ጠርዙ ስል ከሆነ መጨረሻ ላይ የተለጠፈ ነው ሚመስለው። ከዛ ኩርቭስ አድጀስትመንት ሌየር (ፎቶውን ሳይነካ ላዩ ላይ ሚደረብ ንብርብር) ጨምሩ። ነጸብራቁ በመሰረቱ የተጨመረ ብርሃን ነው፣ ጥቁር መሆን የነበረበትን ግራጫ አድርጎታል፣ ስለዚህ የኩርቩን ከታች በግራ በኩል ያለችውን ነጥብ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ ግፏት፣ ዓይናችሁን ግን ከጎን ካለው ንጹህ ገደል ላይ አታንሱ፣ ሁለቱ ጥላ ሲመሳሰሉ ቁሙ። አሁንም ሰማያዊ ሰማያዊ ካለባችሁ (ነጭ ልብስ ላይ ከሰማይ ሚመጣው ብርሃን ሰማያዊ ያዘነብላል) እዛው ኩርቭስ ውስጥ ብሉ ቻናሉን ለብቻ ዝቅ አድርጉት። በስተመጨረሻ ሳቹሬሽን (የከለሩን ድምቀት) ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው፣ ምክንያቱም የተደረበ ነጭ ብርሃን ከለሩን አደብዝዞት ነው ሚሄደው።

ይሄን ስትጨርሱ ሸሚዙ ይጠፋና የኮሌታው መስመር ብቻ ይቀራል። እሷን ነው እንግዲህ በሂሊንግ ብረሽ (ከጎን ካለው ወስዶ ከዙሪያው ጋር ሚያመሳስል ብረሽ) ምታጠፏት፣ ባዶ አዲስ ሌየር ከፍታችሁ፣ ሳምፕሉን ከታች ያሉትንም ሌየሮች እንዲያይ አድርጋችሁ። ክሎን ስታምፕ (አንዱን ቦታ ሌላው ላይ እንዳለ ኮፒ ሚያደርገውን) ከመረጣችሁ ኦፓሲቲውን (ምን ያህል እንደሚሸፍን) 20 ወይ 30 ላይ አድርጋችሁ ደጋግሙት፣ በአንድ ምት 100 ማድረግ ድንጋዩን ሁለት ቦታ ኮፒ ያደርገዋል እና ያስታውቃል።

ጊምፕ ላይም ኩርቭሱም ሂሉም ክሎኑም አለ፣ ነጻ ነው። በ2025 የወጣው ጊምፕ 3 ደግሞ ፊልተሮችን ኦሪጅናሉን ሳያበላሽ ላዩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ኋላ ተመልሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ለዚህ ስራ በጣም ነው ሚመቸው።

ይሄን ሁሉ ሚሰራ አንድ በተን የለም?

አለ፣ ግን የት እንደሚሰራ ማወቅ ያስፈልጋል። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤ በ2024 መጨረሻ ላይ ካሜራ ሮው ውስጥ (ከፎቶሾፕ ጋር ሚመጣ ፎቶ ማስተካከያ) ነጸብራቅን ለይቶ ሚያነሳ ነገር አስገብቷል፣ ይሄ ከሌሎቹ ሚለየው ሞልቶ አይደለም ሚያጠፋው፣ ፎቶውን ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለውን አንድ፣ መስታወቱ ላይ ያረፈውን አንድ አድርጎ ነው ሚለየው፣ ስላይደሩን ወደ ሌላ ጎን ስትጎትቱት ነጸብራቁን ራሱን ለብቻው ያሳያችኋል። ጥሩ ሚሰራው መስታወቱ ፎቶውን ሙሉ ሲሸፍነው ነው፣ የሱቅ መስኮት ወይ የመኪና መስኮት ተጠግታችሁ ስታነሱ ማለት ነው።

የስልኮቹ ግን፣ የጉግል ማጂክ ኢሬዘር፣ የአይፎኑ ክሊን አፕ፣ የሳምሰንግ ኦብጀክት ኢሬዘር፣ በዋናነት ዙሪያውን አይተው ነው ሚሞሉት። ሳምሰንግ ላይ ለጥላና ለነጸብራቅ ለብቻ የተቀመጠ በተን ያላቸው ሞዴሎች አሉ፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ማጂክ ኢሬዘር መጀመሪያ በ2021 ፒክስል 6 ላይ ብቻ ነበር፣ ከ2024 ጀምሮ ግን ጉግል ፎቶስ ላይ ለሌሎች ስልኮችም በነጻ ተለቋል። ሰማይ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ሳር ላይ ያረፈች ትንሽ ብርሃን ከሆነች በደንብ ያጠፉላችኋል። ፊት ላይ ግን አትጠቀሙት፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያቴን ፎቶ በስልክ ሳነሳ መስታወቱ ያበራል። ያለኝ ኮፒ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ ነው በጥንቃቄ ምመልሰው፣ ምክንያቱም እንዲህ አይነት ፎቶ ሁለተኛ የለውም፣ ነጋቲቩ ከስቱዲዮው ጋር ጠፍቷል፣ ቤት ያለውም አንድ እሱ ነው።

መጀመሪያ ፍሬሙን ከግድግዳ አውርዱት፣ ከተቻለ ከኋላው ከፍታችሁ ፎቶውን አውጡት። ግን ቀስ ብላችሁ በጎን በኩል እዩ፣ ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ከሆነ እንዳትጎትቱት! እርጥበት ባለበት ግድግዳ ላይ ለብዙ አመት የቆየ ፎቶ ላዩ ያለው ጄላቲን ከመስታወቱ ጋር ይያያዛል፣ ስትስቡት ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከተጣበቀ እዛው እንዳለ ነው ሚነሳው።

መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፍላሹን አጥፉ፣ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን በኩል ይምጣ፣ የቤቱን መብራት አጥፉ። አሁንም መስታወቱ ላይ የራሳችሁ ስልክና እጅ ከታየ ጥቁር ጨርቅ ወይ ጥቁር ነጠላ ነገር በስልኩ ዙሪያ ያዙ፣ ጥቁር ነገር ሚመልሰው ብርሃን ስለሌለ መስታወቱ ንጹህ ይሆናል። ይሄ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

ከዛ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የጉግል ፎቶስካን ነው፣ በ2016 (በፈረንጆቹ) የወጣ ነጻ አፕ ነው፣ አንዴ መሀል ላይ ያነሳና ከዛ አራት ነጥቦች ላይ ስልኩን እንድታንቀሳቅሱ ይጠይቃችኋል፣ ስልኩ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ ቦታ ይቀይራል፣ ፎቶው ግን ቦታውን አይቀይርም፣ ስለዚህ አፑ ከእያንዳንዷ ንጹሁን እየወሰደ ይገጣጥመዋል። ፈጠራ የለበትም፣ ሁሉም ከራሱ ከፎቶው የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ ያንኑ በእጅ መስራት ነው፣ ስልኩን ስታንድ ላይ አድርጋችሁ አንዴ ብርሃኑ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ እየመጣ ሁለት ፎቶ አንሱ፣ ፎቶሾፕ ላይ ሁለቱን ሌየር አድርጋችሁ ኦቶ አላይን በሉት (ሁለቱን ራሱ ያገጣጥማቸዋል)፣ ከላይኛው ላይ ማስክ (የተቀባበትን ቦታ ሚደብቅ) ጨምራችሁ የሚያበራውን ቦታ በጥቁር ብረሽ ቀቡት፣ ከስር ያለው ንጹህ ይወጣል። የሁለቱ ብርሃን እኩል ካልሆነ አንዱን በኩርቭስ አመጣጥኑት። ውጤቱ ከፎቶስካን የጠራ ነው፣ ጊዜ ካላችሁ ይሄኛውን ነው ምመክረው።

አሁን ወደ ፊት ጉዳይ። የሚያበራው ቦታ አይን ወይ አፍ ላይ ካረፈ እና ለኤአይ ሙላልኝ ካላችሁት፣ ቆንጆ አይን ይሰራላችኋል፣ ግን የአያታችሁ አይን አይደለም። እሳቸውን አይቶ አያውቅም እኮ! ከሺህ ሺህ ሰው ፊት የተማረውን አማካኝ ነው ሚያስቀምጠው። ትልልቆቹ ልጆቻቸው ሲያዩት "ማነው ይሄ?" ይላሉ፣ ትንንሾቹ ግን ያንኑ አያታችን ነው ብለው ይዘው ያድጋሉ፣ እኔን ሚያሳስበኝ እሱ ነው። አስር አመት ቆይቶ ኦሪጅናሉ ሲጠፋ ቤተሰቡ ውስጥ ሚቀረው ያ ፊት ነው። ስለዚህ ግማሽ አይኑ ብርሃን ውስጥ ቢሆን እንኳን እንዳለ ተዉት፣ ወይ ድጋሚ አንሱት። ኤአዩን ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ የፎቶው ጥግ ላይ እንደልባችሁ ተጠቀሙት።

ውጭ ሀገር ሆናችሁ ፎቶው ሀገር ቤት ከሆነ ደግሞ ለሚያነሳላችሁ ልጅ ይሄን ከላይ ያለውን በድምጽ ንገሩት፣ ፎቶስካንን አስጭኑት፣ ሲልክም ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ የፊቱ ዝርዝር ይሄዳል።

መነጽር ላይ ያረፈ ብርሃንስ?

አንድ አይን ብቻ ከሆነ የተሸፈነው እና ብርሃኑ ሙሉ ነጭ ካልሆነ፣ እንደ አውቶብሱ መስኮት በኩርቭስ ጀምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ወይ ወይን ጠጅ ከለር አለው፣ ያ የሌንሱ ሽፋን ነው፣ በሳቹሬሽን ያንን ከለር ለብቻ ብትቀንሱት ግማሽ ስራው አለቀ። ሙሉ ነጭ ከሆነ ከዛው ቀን ከተነሱ ሌሎች ፎቶዎች ውስጥ ያንን አይን ፈልጉ፣ ሰርግም ምርቃትም ላይ ያው አስር ተከታታይ ፎቶ ነው ሚነሳው፣ አንዱ ላይ አንገቱን ትንሽ አዙሮ ብርሃኑ የሌለበት ይገኛል፣ እሱን ቆርጣችሁ አምጡ። የሌላውን አይን ገልብጦ ማምጣት ሚባለውን ብዙም አልወደውም፣ የሰው ሁለት አይን እኩል አይደለም፣ በዛ ላይ በአይኑ ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ በተቃራኒ ጎን ትሆናለች እና ፊቱ እንግዳ ይሆናል።

መነጽሩን ሙሉ በሙሉ አንሱልኝ ሚሉ አሉ። ርቀት ማየት ለማይችል ሰው ሚሰራ መነጽር ከኋላው ያለውን ያሳንሳል፣ ጉንጩ በሌንሱ ውስጥ ወደ ውስጥ የገባ ሆኖ ነው ሚታየው፣ ፍሬሙን ብቻ ብታጠፉት ፊቱ ተሰብሮ ይቀራል፣ አይኑም ትንሽ ይሆናል። ስለዚህ ያለ መነጽር ድጋሚ ማንሳት ነው።

መነጽር አድርጎ ሲነሳ ደግሞ መነጽሩን ከጆሮ በኩል ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ሌንሱ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ብርሃኑም ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ደረት ይሄዳል። መብራቱንም ከፍ ማድረግ።

ለዲቪ ፎቶ የመነጽሩን ብርሃን ባጠፋውስ?

በፍጹም እንዳትሞክሩት። ከህዳር 2016 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለአሜሪካ ቪዛ ፎቶ መነጽር ራሱ አይፈቀድም፣ ብርሃኑ ጠፋም አልጠፋም። ፊትን በሶፍትዌር መቀየርም ክልክል ነው። መነጽራችሁን አውልቃችሁ፣ ነጣ ያለ ግድግዳ ፊት፣ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሳ አዲስ ፎቶ ነው ሚያስፈልጋችሁ፣ 600 በ600 ፒክስል ድረስ መከርከም እና ከ240 ኪሎባይት በታች ማድረግ ይበቃል። ያምናውን ፎቶ አጽድቶ መላክም ከውድድር ያስወጣል።

የምሳ ፎቶ ላይ ጠረጴዛው መሀል የቆመ ሃይላንድ አለ፣ ሳጠፋው ቦታው ያስታውቃል። ለምን?

ሃይላንዱን ብቻ ስለምታጠፉ ነው! ውሃ ያለበት ፕላስቲክ ብርሃን ያሳልፋል ግን ያጥፈዋል፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ብቻ ሳይሆን ጥላው መሀል ደማቅ የብርሃን መስመር ይተዋል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ እንደ ቀጭን ነጭ ክር የተጣመመ ነገር አለ። ጠርሙሱ ጠፍቶ እሷ ከቀረች ማንም ሰው ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይገባዋል። ስትመርጡ ጠርሙሱን፣ ጥላውን፣ ያቺን የብርሃን ክር፣ በተጨማሪም ከጎን ያለው ሰሃን ወይ ትሪ ላይ ያረፈ ምስሉን ሁሉንም አንድ ላይ ምረጡ።

ሌላው የጠረጴዛው ጠርዝ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ሲያልፍ መስመሩ ተሰብሮ ነው ሚታየው፣ ሚሞላው ሶፍትዌር ያንን ስብራት እንደ እውነት ሊወስደው ይችላል። መጀመሪያ መስመሩን በክሎን ስታምፕ ከግራ ወደ ቀኝ አስተካክላችሁ አገናኙት፣ ከዛ ነው ከላይና ከታች ያለውን በኮንተንት አዌር ፊል (ዙሪያውን አይቶ ራሱ ሚሞላው የፎቶሾፕ መሳሪያ) ምትሞሉት። እንጀራ ላይ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ የእንጀራ አይን ተደጋግሞ ኮፒ ሲሆን ወዲያው ይታወቃል፣ ከተለያየ ቦታ እየወሰዳችሁ ስሩ።

የእጣን ጭስ የቡና ፎቶዬን አደበዘዘው፣ ይጠፋል?

ዲሄዝ የሚባለው ጭጋግ ሚቀንስ ስላይደር ላይትሩምም (ሌላው የአዶቤ ፎቶ ማስተካከያ) ካሜራ ሮውም ላይ አለ፣ ግን ለፎቶው ሁሉ አትስጡት፣ ጭሱ ባለበት ብቻ በብረሽ ስጡ፣ ከ20 እስከ 30 ይበቃል፣ ሲበዛ ከለሩ ይቃጠላል ጥላውም ይጠቁራል። ግን ደግሞ የቡና ፎቶ ላይ ጭስ ለምን ይጥፋ? ፊት ላይ የመጣውን ቀንሱና ከጀበናው ወደ ላይ ሚወጣውን ተዉት ባይ ነኝ።

ፎቶው ላይ በስሱ የተጻፈውን የፎቶግራፈሩን ስም ወይ ሎጎስ?

አይሆንም። እሱ የሰው ስራ ነው። ፎቶግራፈሩን ደውላችሁ ንጹሁን ጠይቁት፣ ከፍላችሁ ከሆነ ይልክላችኋል፣ ካልከፈላችሁም ዋጋውን ይነግራችኋል።

ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንስ ላይ ሚገጠም ነጸብራቅ ሚቀንስ መስታወት) ብገዛ ይሄ ሁሉ ይቀርልኛል?

ብዙውን ያቀልላችኋል፣ ግን እንዴት እንደሚሰራ ካላወቃችሁ ገንዘባችሁን ነው ምታባክኑት። መስታወቱን ፊት ለፊት ቆማችሁ ካነሳችሁ ምንም አይሰራም። በደንብ ሚሰራው በጎን ስትቆሙ፣ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ወደ 56 ዲግሪ ገደማ ዞር ስትሉ ነው፣ እዛ ላይ ሆናችሁ ፊልተሩን ስታዞሩት ነጸብራቁ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሳጥን ያለ ነገር ስታነሱ በጣም ይጠቅማል፣ ብርሃን ግን ስለሚቀንስ ስልክ ወይ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ያዙት። ከሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ያለ ነጸብራቅ በሱ አይጠፋም።

አውሮፕላን ላይ ግን አውልቁት። የአውሮፕላን መስኮት መስታወት ሳይሆን የተወጠረ ፕላስቲክ ነው፣ በፖላራይዘር ሲታይ ቀስተ ደመና የመሰለ ከለር ሰማዩ ላይ ይረጫል፣ ያንን ደግሞ በኤዲት ማጥፋት ከነጸብራቁ የባሰ ስራ ነው። እዛ ያለው መፍትሄ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ (ሳይነካ፣ ንዝረቱ እንዳይመጣ) በጃኬት ዙሪያውን መሸፈን ነው።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ ዳታም የለኝም።

ስናፕሲድ አውርዱ፣ ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። ሰሌክቲቭ የሚለውን ከፍታችሁ የሚያበራው ቦታ ላይ ነጥብ አስቀምጡ፣ በሁለት ጣት ክቡን አጥብቡት፣ ብራይትነሱን ቀንሱ ኮንትራስቱንና ሳቹሬሽኑን ጨምሩ፣ ያው የኩርቭሱ ስራ ነው በሌላ መንገድ። ከዛ ሂሊንግ ላይ ገብታችሁ በጣም ዙም አድርጉ፣ ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር ብረሹ ለፎቶው ትንሽ ይሆናል፣ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ስሩ እንጂ ረጅም መስመር አትሳቡ።

ካሜራችሁ ወይ ስልካችሁ ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ ሚያስቀምጥ ፋይል) ማንሳት ከቻለ ለመስታወት ፎቶ በሮው አንሱ። ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል) በአንድ ከለር 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ነጸብራቅ ውስጥ የተቀበረውን ስትስቡ ደረጃዎቹ ይሳሱና ሰማዩ ወይ ግድግዳው መስመር መስመር ይሰራል፣ ባለ 12 ወይ 14 ቢት ሮው ላይ ግን ሚሳብ ብዙ ነገር አለ። ጨርሳችሁ ስታስቀምጡም ኦሪጅናሉ ላይ ሴቭ አታድርጉ፣ ሌላ ስም ስጡት፣ ሌየሮቹን የያዘውን ፋይልም አትሰርዙት። ዛሬ ያላወጣችሁትን በሚቀጥለው አመት የሚወጣ ሶፍትዌር ሊያወጣው ይችላል፣ ኦሪጅናሉ እስካለ ድረስ።